የ1920ው የጣና ጥናት፦ ባሕሩን ማን ለካው? ለማንስ ብሎ?

ጣና ዳር | መስከረም 28 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ሐይቆች ሳስተምር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ከጣና የሚወጣውን ውሃ መጀመሪያ የለካው ማነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ ከፍታውን ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ ቁጥሩን ማን እንዳመጣው አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። «አጣርቼ እነግርሻለሁ» ብያት ወጣሁ።

ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፤ የምታውቁ ጨምሩበት፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ሰነዶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆኑ ዓመቶቹን በዚያው ነው የምጽፈው።

ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተላከው የመጀመሪያው መሐንዲስ ዱፑይ የሚባል እንግሊዛዊ የመስኖ ባለሙያ ነው። ጊዜው 1902 ማለቂያና 1903 መግቢያ፣ አፄ ምኒልክ በነገሡበት ዘመን። የላከው በግብፅ የሥራ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም የነበረው ሰር ዊልያም ጋርስቲን ነበር፤ ጋርስቲን በ1904 ስለ ላይኛው ናይል ባወጣው ትልቅ ሪፖርት ውስጥ የዱፑይ ጽሑፍም ገብቷል። ዱፑይ ግን በበጋ መጥቶ በበጋ ተመለሰ። ክረምቱን አላየውም። ክረምቱን ያላየ ሰው ደግሞ ጣናን አየሁ ማለት ይቸግረዋል።

ሁለተኛው ጉዞ ነው የመሰጠኝ። በ1920 እና 21 ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ግራብሃም ይባላል፤ የሱዳን መንግሥት ጂኦሎጂስት ነበር። ሌላው ብላክ የሚባል መሐንዲስ ነው። አገሩን የሚገዙት ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ፣ በጌምድር የራስ ጉግሣ ወሌ፣ ጎጃም የራስ ኃይሉ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሐይቁን፣ የዓባይን መውጫና በዙሪያው ያለውን ድንጋይ አጥንተው ሄዱ። ሪፖርታቸው በ1925 ካይሮ ታተመ፤ አሳታሚው የግብፅ መንግሥት ነው።

ኮፒውን በስልኬ ላይ እያገላበጥኩ ሳነብ አንድ ነገር አልለቀኝ አለ። እያንዳንዱ ምዕራፍ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ይህ ሐይቅ ስንት ውሃ ሊያጠራቅምልን ይችላል? «ልን» የምትለዋ ውስጥ እኛ የለንም። ባሕር ዳር የለችም፣ ፎገራ የለም፣ ደምቢያ የለም። ያለው በሱዳን የጌዚራ የመስኖ እርሻ ጥጥና የግብፅ የበጋ እርሻ ነው።

ታዲያ ይህን ሰነድ ለልጆቹ እንዴት አድርጌ ላስተምር?


አንባቢ | መስከረም 28 ቀን 2018

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ለልጆቹ ባትሰጪያቸው እመርጣለሁ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ። ግንቦት 1902 ላይ እንግሊዝ ከአፄ ምኒልክ ጋር የድንበር ውል ተዋዋለች። በ3ኛው አንቀጽ ንጉሡ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ አስፈረመች። ፊርማው ሳይደርቅ፣ በዚያው ዓመት፣ ዱፑይ መለኪያውን ተሸክሞ መጣ። መጀመሪያ ውል፣ ቀጥሎ ሜትር።

1925ንም ተመልከቺው። ሪፖርቱ በታተመበት ዓመት ታኅሣሥ ላይ እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ፦ ጣሊያን የእንግሊዝን የጣና ግድብ ልትደግፍ፣ እንግሊዝ ደግሞ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን ለማገናኘት በእኛ መሬት ላይ የምትዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ልትደግፍ። ባለቤቱን የጠየቀ የለም። ሰነዱ የዚህ ሁሉ መሣሪያ ነበር። እኔ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሳነብ ደሜ ይፈላል፣ እውነቴን ነው።


የፍሰት ሰው | መስከረም 29 ቀን 2018

ጋሼ አንባቢ፣ የታሪኩን መራራነት አልክድም። ነገር ግን ቁጥሩንና ዓላማውን እንለያይ። እኔ የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ነኝ፤ 20 ዓመት ሙሉ የወንዝ ፍሰት ስለካና ስመረምር ኖሬያለሁ። ግድብ ሊሠራ ያሰበ ሰው የውሃውን ልክ ለራሱ አይዋሽም። ከዋሸ ግድቡ ይፈርስበታል ወይም ባዶውን ይቆምበታል። ስለዚህ ዓላማቸው የእኛ ባይሆንም ልኬታቸው ለሙያችን የሚረባ ነው።

እንዴት እንደሚለካ ለመምህርቷ ተማሪዎች ልንገራቸው፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር በገመድ ትወጥረዋለህ። ገመዱ ላይ በየጥቂት ሜትሩ ምልክት ታደርጋለህ። በታንኳ ወይም በጀልባ እየሄድክ በየምልክቱ ሁለት ነገር ትለካለህ፦ ጥልቀቱንና የውሃውን ፍጥነት። ፍጥነት የሚለካው ውሃ ውስጥ ገብታ በምትሽከረከር ትንሽ ፕሮፔለር ነው፤ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደዞረች ይቆጠራል። ጥልቀቱን በስፋቱ፣ ያን በፍጥነቱ ታባዛለህ፣ ሁሉንም ትደምራለህ። ይህ የዚያች ቀን ፍሰት ነው።

የዚያች ቀን ብቻ ግን ምን ያደርጋል? ስለዚህ ዳር ላይ ሴንቲሜትር የተሰመረበት ዘንግ ትተክላለህ፤ እኛ በሥራ ላይ ስታፍ ጌጅ ነው የምንለው። ውሃው ዘንጉ ላይ እዚህ ሲደርስ ፍሰቱ ይህን ያህል፣ እዚያ ሲደርስ ያን ያህል እያልክ በተለያየ ወቅት ደጋግመህ ከለካህ በኋላ ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር ታወጣለህ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዘንጉን ማንበብ ይበቃል። መምህርት፣ «ክረምቱን አላየውም» ያልሽው ለዚህ ነው ትክክል የሆነው። የጣና ውሃ ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ፣ ከፍ የሚለው መስከረም ማለቂያና ጥቅምት ነው፤ ልዩነቱ ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል። ያን መውጣትና መውረድ ያልተከተለ ሰው የሐይቁን ዓመት አያውቀውም። ግራብሃምና ብላክ የተሻሉት በዚህ ነው።

ለምን ጣናን እንደፈለጉት ደግሞ ሒሳቡን እዩት። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ውሃውን በ1 ሜትር ብቻ ከፍ ብታደርገው 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያዝክ ማለት ነው። በ1902 ያለቀው የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ሲጠናቀቅ የያዘው 1 ቢሊዮን ያህል ነበር። በ1925 ያለቀው የሱዳኑ ሴናር ደግሞ ከ1 ቢሊዮን በታች። እዚህ ተፈጥሮ ገንዳውን ቆፍራ፣ ሞልታ፣ መውጫውን አጥብባ አስቀምጣዋለች፤ በጠባቧ መውጫ ላይ በር መግጠም ነው የቀረው። በዚያ ላይ ደጋ ስለሆነ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚተነው ከአስዋን በረሃ ያነሰ ነው፣ ደለሉም ሐይቁ ውስጥ ስለሚሰጥም የሚወጣው ውሃ የጠራ ነው። የመስኖ መሐንዲስ ይህን አይቶ እንቅልፍ አይወስደውም።


ጥያቄ አለኝ | መስከረም 29 ቀን 2018

ጋሼ የፍሰት ሰው፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የናይል 85 በመቶ ከጣና ይሄዳል ሲባል ነው የምሰማው። ታዲያ ጣናን ዘግተው ቢይዙት ግብፅ ልትደርቅ አይደለም እንዴ? ለምን እነሱው ራሳቸው ሊዘጉት ፈለጉ?


የፍሰት ሰው | መስከረም 29 ቀን 2018

ወንድሜ፣ ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ስህተቱ በቴሌቪዥንም ሲነገር እሰማለሁ። 85 በመቶ የሚባለው ከኢትዮጵያ ደጋ በሙሉ የሚሄደው ነው። ዓባይ፣ ተከዜ፣ ባሮና አኮቦ ተደምረው ማለት ነው። ጣና ብቻውን አይደለም።

ከጣና በመውጫው የሚወርደው በአማካይ በዓመት 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ቢጠጋ ነው። ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ግን ወደ 50 ቢሊዮን ይደርሳል። ጣና የዓባይን ከአሥር አንዱን እንኳ አይሞላም! የቀረውን የሚያመጡት በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስና ሌሎቹ ናቸው። የዴዴሳና የዳቡስ ስም በዘፈን የማይነሳ ሆኖ እንጂ ውሃው ከእነሱ ነው።

የለኩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ጣናን የፈለጉት የውሃው ምንጭ ነው ብለው ሳይሆን የውሃው ጎተራ እንዲሆን ነው። በክረምት ማንም የማይፈልገው ጎርፍ ሲያልፍ ይዞ ማቆየት፣ በበጋ ጥጡ ሲጠማ መልቀቅ። ጎተራ ደግሞ እህሉን አያበቅልም፣ ያቆያል እንጂ።


ጥቁር ድንጋይ | ጥቅምት 1 ቀን 2018

ጂኦሎጂ ነው ያጠናሁት፤ የድንጋዩን ነገር ማንም ስላላነሳው ልግባበት።

መሐንዲሱን ብቻ መላክ ይቻል ነበር። ጂኦሎጂስት የጨመሩት ለምንድን ነው? መልሱ ባሕር ዳር ላይ እግራችሁ ሥር አለ። ጣና ራሱ የግድብ ውጤት ነው፤ ግድቡን የሠራው ግን ሰው አይደለም። በደቡብ በኩል ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ወርዶ የጥንቱን ሸለቆ ዘጋው። ውሃው ከኋላው ተጠራቀመና ሐይቅ ሆነ፤ ሞልቶ ሲፈስ ደግሞ የዛሬውን የዓባይ መውጫ አገኘ። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በመኪና ስትሄዱ ግራ ቀኙ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ነው፤ ገበሬው እየለቀመ አጥር ይሠራበታል። ያ ፈሳሽ ነው ሐይቁን አስሮ የያዘው። ፏፏቴውም ውሃው ከዚያው ባዛልት ጫፍ ላይ ሲወድቅ ነው፤ 40 ሜትር ያልፋል።

ግድብ የሚሠራ ሰው ይህ ድንጋይ ጥብቅ ነው ወይስ ያሳልፋል ብሎ መጠየቅ አለበት። ባዛልት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በአንዱ ፈሳሽና በሚቀጥለው መካከል ደግሞ አፈር ወይም የተፈረካከሰ ድንጋይ ይኖራል፤ ውሃ በዚያ ሾልኮ ይሄዳል። ላይ ላዩን የቆመ ግድብ ከሥሩ ሊያፈስ ይችላል። የግራብሃም ሥራ ይህን ማየት ነበር። ሰውየው በሱዳንም ጊዜውን የሚያጠፋው በውሃ ጉዳይ ላይ ነበር፤ የት ቢቆፈር ጉድጓድ ውሃ ይሰጣል የሚለውን ሲመልስ የኖረ ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። ከጣና ሥር የወጣው የደለል ናሙና ሲመረመር ሐይቁ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል። ዛሬ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን ስታስቡ አያስገርምም። ሰፊ ነው፣ ግን እንደ ሳህን ነው። እኛ በጀልባ ስንሻገር ባሕር ይመስለናል።


ወንድ ልጅ ከዳንግላ | ጥቅምት 2 ቀን 2018

ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። እናንተ ስለ ጣና ስታወሩ የእኔን ከተማ ረሳችኋት። ዳንግላ እኮ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት! ከ1925 ጀምሮ እስከ 1934 ቆንስል የነበረው ቺዝማን የሚባለው ሰው ነው። በበቅሎና በእግሩ የዓባይን ሸለቆ ዳር ዳሩን ተከትሎ ካርታውን ያነሳ፣ የጣናን ደሴቶችና ገዳማት ዞሮ ያየ እሱ ነው። ከእሱ በፊት የዓባይ ጎድጓዳ በካርታ ላይ ብዙ ቦታ በግምት የተሰመረ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ሽማግሌዎች «ቆንስሉ» ሲሉ የምሰማው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። አያቴ ስለ እሱ ሲያወሩ ወፍ የሚያድን፣ ድንጋይ የሚያነሳ፣ ወንዝ ባየ ቁጥር ወረቀት የሚያወጣ ሰው እንደነበር ነው የሚሉት። «ውሃ ምን ይጻፍለታል?» ይሉ ነበር። ልጅ ሆኜ እስቅ ነበር፤ ዛሬ ይህን ክር ሳነብ ያ ጥያቄያቸው ከባድ ሆኖ ታየኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አስቡት። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ብቻቸውን አልሄዱም። ዓባይን የት ላይ መሻገር እንደሚቻል፣ የትኛው መልካ በስንተኛው ወር እንደሚከፈት፣ ቆላው ወባ የሚይዘው መቼ እንደሆነ የነገራቸው ያገሬው ሰው ነው። በጣና ላይ በደንገል ታንኳ የቀዘፈላቸው፣ በቅሎ የጫነላቸው፣ ከባላገሩ ጋር ያስማማቸው። ያንን ገመድ ዳር ለዳር ሲወጥሩ ወዲያ ማዶ ጫፉን ይዞ የቆመው ማን ነበር? እነሱንም ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ እህቴ።


መቅረን | ጥቅምት 3 ቀን 2018

ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ካርቱም የኖረ ያውቀዋል። ሁለቱ ናይሎች የሚገናኙበት ቦታ ነው። 11 ዓመት እዚያ ኖሬ ጦርነቱ ሲመጣ ተመለስኩ።

እኔ የምነግራችሁ ያየሁትን ነው። ነሐሴ ላይ ከድልድዩ ቆማችሁ ስታዩ ከግራ የሚመጣው ነጩ ናይል ግራጫ ነው፣ ከቀኝ የሚመጣው የእኛው ዓባይ የሸክላ አፈር ቀለም ይዟል። ሁለቱ ለረጅም መንገድ ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ ያን ውሃ አይቼ እንባዬ መጣ፤ ያገሬ አፈር ነዋ። ሱዳናዊ ጓደኛዬ ትከሻዬን ይዞ «አፈራችሁ ነው የሚያበላን» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው።

ጌዚራንም ሄጄ አይቻለሁ። ቦዩ ከሴናር ተነስቶ በሜዳው ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዓይን እስኪያልፈው ድረስ። አንባቢ ወንድሜ «የጌዚራ ጥጥ» ሲባል እንደሚመረው ይገባኛል፤ ያን ጥጥ የለቀመው ግን የእንግሊዝ ባለፋብሪካ አይደለም። ደሀ ገበሬ ነው፣ እንደኛው። ይህም በትምህርቱ ውስጥ ቢገባ እወዳለሁ።


አንባቢ | ጥቅምት 5 ቀን 2018

የጻፋችሁትን ሁሉ ደጋግሜ አነበብኩት። መቅረን የጻፈው ነካኝ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ የኛ ሰዎች ምን አደረጉ የሚለውን ተከታተልኩ፤ የመጀመሪያ አቋሜን በከፊል መቀየር አለብኝ።

ራስ ተፈሪ የ1925ቱን ደብዳቤ ሲሰሙ ዝም አላሉም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ገና 3 ዓመቷ ነበር። ሰኔ 1926 ላይ ለማኅበሩ አቤቱታ አቀረቡ፦ ሁለት አባል አገሮች በሦስተኛ አባል አገር ሀብት ላይ ባለቤቱን ሳይጠይቁ እንዴት ይስማማሉ ብለው። እንግሊዝና ጣሊያን ኢትዮጵያን የማስገደድ ሐሳብ የለንም ብለው ለመመለስ ተገደዱ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ከሁሉ ይበልጣል። በ1927 ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ። ሐኪም ወርቅነህ በ1868 መቅደላ ላይ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው ሕንድ ያደጉ፣ ሐኪም ሆነው ያገራቸውን መንገድ ፈልገው የተመለሱ ሰው ናቸው። ኒው ዮርክ ውስጥ ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ኩባንያው መጥቶ በ1930 እና 31 ሐይቁን እንደገና አጠና። ይህኛው በኢትዮጵያ መንግሥት ጥያቄ የተደረገ ጥናት ነው! ግድቡን ኢትዮጵያ ታሠራለች፣ ውሃውን የሚፈልግ ደግሞ ይከፍላል የሚል ሐሳብ ነበር። በ1933 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የሚመለከታቸው ተሰብስበው መክረውበታል። በ1935 ጣሊያን ወረረና ሁሉም ነገር ቆመ። ወራሪውም በ1937 የራሱን አጥኚዎች ጣና ላይ አሰማርቷል።

ስለዚህ መምህርት፣ ባትሰጪያቸው ያልኩትን አንስቻለሁ። ስጫቸው፤ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ። በካይሮ የታተመውንና እኛ ያስጠናነውን። ያው ሐይቅ ነው፣ ያው መውጫ ነው፣ ያው ድንጋይ ነው። የጠየቀው ሰው ብቻ ነው የተለየው።


ጥቁር ድንጋይ | ጥቅምት 5 ቀን 2018

አንባቢ፣ መቅደላን ስታነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሕፃኑ ወርቅነህ በተወሰዱበት በዚያው ዘመቻ ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት አብሮ መጥቶ ነበር። የደጋችንን ባዛልት ከፋፍሎ አንዱን «አሸንጌ»፣ ሌላውን «መቅደላ» ብሎ የሰየመው እሱ ነው። አሸንጌ የሚለውን እኛ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ከየት እንደመጣ የነገረን ግን አልነበረም።


ጣና ዳር | ጥቅምት 6 ቀን 2018

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንባቢ ያሉትን እንዳለ ወስጄዋለሁ፤ ለሁለት ሰንጠረዥ የሚሆን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አንድ ጥያቄ ለየፍሰት ሰው፦ ከዚያ በኋላ ያለውስ? የዛሬውን የሚለካው ማነው?


የፍሰት ሰው | ጥቅምት 7 ቀን 2018

መምህርት፣ ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው ብሰማው በሁለት መስመር እመልሰው ነበር። አባቴን ስለሚመለከት ረዘም ይልብኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ትልቁ ጥናት የአሜሪካኖቹ ነው። ከ1958 ጀምሮ እስከ 1964 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው መላውን የዓባይ ተፋሰስ አጠኑ፤ 17 ጥራዝ ወጣው፣ 33 የመስኖና የመብራት ኃይል ፕሮጀክት ተጠቆመበት። ባለፈው ጳጉሜን የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ አካባቢም ያኔ ድንበሩ ላይ ከታዩት ቦታዎች አንዱ ነው። ያ ጥናት በየወንዙ ላይ ዘንግ ተከለ፤ ዘንግ ሲተከል ደግሞ አንባቢ ያስፈልጋል።

አባቴ ጌጅ አንባቢ ነበር፤ የአንዱ ገባር። ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት። ክረምት ከበጋ፣ ዓመት በዓል፣ ለቅሶ፣ ሠርግ ሳይል። ዘንጉ ብረት ነው፣ ነጭ ቀለም ላይ በጥቁር ተሰምሯል። ጎርፍ ሲመጣ ውሃው ይማታል፣ ከፍና ዝቅ ይላል። አባቴ ከፍ ያለበትንና ዝቅ ያለበትን አይቶ መካከሉን ይይዝ ነበር። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በጋቢው ሥር ይዞት ይወርዳል። አንድ ነሐሴ ዘንጉን ግንድ መትቶ አጣመመው። አባቴ ማታውን ድንጋይ ላይ በሚስማር ምልክት ጭሮ ከዚያ እየለካ ሦስት ሳምንት ጻፈ፤ የሚጠግን ሰው እስኪመጣ። ያ ደብተር ባይሞላ ኖሮ የዚያ ዓመት ትልቁ ጎርፍ በታሪክ ውስጥ አይኖርም ነበር።

ሥራ ከጀመርኩ በኋላ የዚያን ወንዝ ቁጥሮች ስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለወራት ተመላለስኩ። ደብዳቤ አምጣ፣ ፊርማ አምጣ፣ የሚመለከተው የለም። በመጨረሻ የተሰጠኝ ኮምፒውተር ላይ የተገለበጠ ሰንጠረዥ ሲሆን የዚያ ነሐሴ ሦስት ሳምንት ባዶ ነበር። ምልክቱ የድንጋይ ስለሆነ ጸሐፊው ዘለለው መሰለኝ። አባቴ ያኔ አርፏል። ኦሪጅናሉን ደብተር እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የካይሮውን ሪፖርት ግን አንቺም እኔም ከቤታችን ሆነን አነበብነው፤ ይህ እንደ እሾኽ ይወጋኛል።

ስለ ጣናም ልጨርስ። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ በር ተገጠመ፤ በ2001 በሮች ተጨመሩበት። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል የዱፑይ ሐሳብ በትንሹ ተሠራ ማለት ነው፣ ግን ለጌዚራ ሳይሆን ለጢስ ዓባይ መብራት። 2003 ላይ ዝናብ ባነሰበት ወቅት ውሃው ለተርባይኑ ሲለቀቅ ሐይቁ በጣም ወረደ፤ ጀልባዎቹ ዳር ላይ ተኙ፣ ገበሬው በተገለጠው መሬት ላይ አረሰ። ያኔ ባሕር ዳር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። መቼ መልቀቅ፣ መቼ መያዝ እንዳለብህ የሚነግርህ ያ የዘንግ ንባብ ነው።


ጥያቄ አለኝ | ጥቅምት 7 ቀን 2018

ጋሼ፣ ነፍስ ይማር አባትዎን። ይህን ቀድቼ ለአባቴ አነበብኩለት።


ወንድ ልጅ ከዳንግላ | ጥቅምት 8 ቀን 2018

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። የወንዙን ስም ከነገሩን በዚያ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው ድንጋዩን ፈልጎ ሊያየው ይችላል፤ የተጫረ ምልክት ቶሎ አይጠፋም። እኔ በበኩሌ ጥር ላይ አገር ቤት እመጣለሁ። በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ።


ጣና ዳር | ኅዳር 1 ቀን 2018

ዘግይቼ ተመለስኩ፤ ምክንያት ነበረኝ።

የአባትዎን ታሪክ ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ሲጨርስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ያቺው ጠያቂዋ ልጅ «እኛስ ለምን አንለካም?» አለች። አንድ አናጢ የሁለት ሜትር ጣውላ ሰጠን። ልጆቹ ነጭ ቀብተው በየሴንቲሜትሩ በጥቁር አሰመሩ፤ ሁለት ቀን ፈጀባቸው፣ አንዱ 47ን ሁለት ጊዜ ጽፎ እንደገና ተፋቀ። ከወደቡ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ደንገሉ ማዕበሉን በሚሰብርበት ጥግ ላይ ተከልነው። በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ያነባሉ። ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልለውታል።

ከጥቅምት 10 እስከ ዛሬ 21 ቀን ሆነ። ውሃው 10 ሴንቲሜትር ወርዷል። ክፍል ውስጥ አባዙት፦ 10 ሴንቲሜትር በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር። 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሲወጣ አንዱ ልጅ ካልኩሌተሩን አራግፎ ደግሞ ሞከረው። ያው ነው። «ይህን ሁሉ ዓባይ ወሰደው?» አሉኝ። አዎ ልላቸው ነበር፣ ግን እርስዎን ሳልጠይቅ አልመልስም ብዬ ያዝኩት።


የፍሰት ሰው | ኅዳር 1 ቀን 2018

አዎ ባለማለትሽ አመሰግንሻለሁ። ከጣና ላይ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይተናል፤ በቀን ወደ ግማሽ ሴንቲሜትር ማለት ነው። ልጆቹ ያንን በ21 ያባዙት። የወጣውን ቁጥር አይተው ይደነግጣሉ፤ ዓባይም የወሰደው አለ፣ ግን ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ እየገባ የሚተካው አለ፤ የዘንጉን መውረድ የሚያህል ውሃ ፀሐይ ብቻዋን ጠጥታዋለች። በዓመትም ቢሆን ከጣና ወደ ሰማይ የሚሄደው በዓባይ ከሚወርደው ይበልጣል።

ይህን ለመለየት ሁለተኛ መለኪያ ያስፈልጋችኋል። ሰፊ የብረት ገበቴ ወይም ግማሹ የተቆረጠ በርሜል ፈልጉ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ክፍት ቦታ አስቀምጡት፣ ከብት እንዳይጠጣው እጠሩት። በየቀኑ በዚያው ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ጻፉ። ገበቴው ከሐይቁ ትንሽ ያበዛል፤ እንዴት እንደሚስተካከል እጽፍልሻለሁ። የ21ዱን ቀን ንባብ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ 47 ሁለት ጊዜ የተጻፈበትንም ጭምር።